ቁናና ኪሎ

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላሉ አባቶቻችን። ተረቱ የሚነገረው ስለ ፍርድና ስለ ሥራ ዋጋ ነው። ቃሉ የተወሰደው ግን ከአውድማና ከገበያ ነው። ሰፋሪ አለ፤ የሚሰፈርለት አለ፤ በመካከላቸው ደግሞ ቁና አለ። ቁናው ከልኩ ከበለጠ አንዱ ይጎዳል፤ ከልኩ ካነሰ ሌላው ይጎዳል። ስለዚህ ልክን ማወቅ የራስን ድካም ዋጋ ማወቅ ነው።

በመካነ ሰላም፣ በሳይንት፣ በወግዲ፣ በከላላና በለጋምቦ ገበያዎች ሁለት ዓይነት መለኪያ ጎን ለጎን እናያለን። አንደኛው ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው ነው። ቁና፣ ጣሳ፣ ክንድ፣ ስንዝር፣ ሸክም የምንለው ይኸው ነው። ሁለተኛው ኪሎ፣ ሊትር፣ ሜትርና ሄክታር የምንለው ነው። ሁለቱን አስተያይቶ የማያውቅ ሰው በሁለቱም ይታለላል። በዚህ ጽሑፍ የቀድሞዎቹ መለኪያዎች ከየት እንደመጡ፣ ምን ጥቅምና ምን ጉድለት እንዳላቸው፣ ከኪሎና ከሜትር ጋር እንዴት እንደሚገናኙ እንመለከታለን።

ከሰው አካል የመጡ ልኮች

ሰው መጀመሪያ የለካው በራሱ አካል ነው። አካሉ ከእርሱ አይለይም፤ አይረሳም፤ በገንዘብም አይገዛም። እርሻ ላይ ቢሆን፣ ቤት ሲሠራ ቢሆን፣ እጁ አብሮት አለ።

ትንሹ ልክ ጣት ነው። አራት ጣት ጎን ለጎን ሲገጠም አንድ ጋት ይባላል። ሦስት ጋት አንድ ስንዝር ይሆናል። ስንዝር መዳፍን ዘርግቶ ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ሌላው ዳር ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት ነው። ሁለት ስንዝር ደግሞ አንድ ክንድ ነው። ክንድ ከክርን እስከ መካከለኛው ጣት ጫፍ ይለካል። እንግዲህ አንድ ክንድ 2 ስንዝር፣ ወይም 6 ጋት፣ ወይም 24 ጣት ነው ማለት ነው። በሜትር ስንተምነው አንድ ክንድ ወደ ግማሽ ሜትር ይጠጋል። ሁለት ክንድ አንድ ሜትር ገደማ ነው።

በዚህ ልክ ሸማኔው ጋቢና ኩታ ለክቷል፤ አናጢው ሞፈርና ቀንበር ቆርጧል። ሞፈሩ የተቆረጠው በአንድ ሰው ክንድ ስለሆነ፣ ሥራውም ለዚያው ሰው ስለሆነ፣ ችግር አልነበረበትም።

ችግሩ የሚመጣው ሻጭና ገዢ ሲገናኙ ነው። የማን ክንድ? የረጅሙ ሰው ክንድና የአጭሩ ሰው ክንድ በሦስት ወይም በአራት ጣት ሊበላለጡ ይችላሉ። በአንድ ክንድ ላይ የአራት ጣት ልዩነት ቢኖር፣ በ12 ክንድ ጨርቅ ላይ ልዩነቱ 48 ጣት ይሆናል። ይህም ሁለት ሙሉ ክንድ ነው። ሻጩ አጭር፣ ገዢው ረጅም ከሆነ ጭቅጭቅ አይቀርም።

የእህል መስፈሪያዎች

ለገበሬው ከሁሉ የሚበልጠው የእህል መስፈሪያ ነው። ትንሹ መስፈሪያ እጅ ነው፤ እፍኝ እንለዋለን። ከዚያ ጣሳ አለ። ከጣሳ በላይ ቁና አለ። ቁና ከሣር የተሰፋ ስፌት ነው። በብዙ ቦታ 20 ቁና አንድ ዳውላ ይባላል። ከዚህ ሌላ ስልቻ፣ አቁማዳ፣ የአህያ ጭነት እያልን እንቆጥራለን። እንጨት በሸክም፣ ውኃ በእንስራ፣ ጠጅ በብርሌ ይለካል። አረቄ የሚቀዳባትን ትንሽ ብርጭቆማ ስሟንም «መለኪያ» ብለናታል።

ስለ ቁና ሦስት ነገር ልብ እንበል።

አንደኛ፣ ቁና ሁሉ እኩል አይደለም። አንዷ ሰፊ አጥብቃ ትሰፋለች፤ ሌላዋ ላላ አድርጋ ትሰፋለች። አንዱ አፉ ሰፊ ነው፤ ሌላው ጠባብ ነው። ከቀበሌ ቀበሌ፣ ከገበያ ገበያ ልኩ ይለያያል። አንድ ቁና ወደ 5 ኪሎ ገደማ ይይዛል ቢባልም፣ ከዚያ የሚያንስም የሚበልጥም ብዙ ነው።

ሁለተኛ፣ አሰፋፈሩ ይለያያል። አፉን በእጅ ጠርጎ መስፈር አለ፤ ከምሮ እስኪፈስ ድረስ መስፈር አለ። እህሉን ከላይ ለቀቅ አድርጎ መሙላት አለ፤ ነቅነቅ እያደረጉ መጠቅጠቅም አለ። ቁናው አንድ ሆኖ ሳለ፣ በአሰፋፈሩ ብቻ ልዩነት ይመጣል።

ሦስተኛ፣ ቁና የሚለካው የእህሉን ቦታ እንጂ ክብደቱን አይደለም። አንድ ሊትር በሚይዝ ጣሳ ውኃ ብንሞላ አንድ ኪሎ ይመዝናል። በዚያው ጣሳ ስንዴ ብንሞላ ሦስት ሩብ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ገብስ ብንሞላ ደግሞ ከዚያም ያነሰ፣ ወደ 600 ግራም ገደማ ይሆናል። የገብስ ቅርፊት ቦታ ይይዛልና። ስለዚህ «አንድ ቁና ስንት ኪሎ ነው?» ተብለን ብንጠየቅ፣ መጀመሪያ «የምን እህል?» ብለን መጠየቅ አለብን። የደጋው ገበሬ ገብሱን፣ የወይና ደጋው ጤፉን፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ የወረደው ቆለኛ ማሽላውን በአንድ ቁና ሰፍሮ «እኩል ነን» ቢል ትክክል አይደለም።

የመሬት ልክ

መሬት የሚለካው በሥራ ነበር። «ይህ ማሳ ስንት ጥማድ ነው?» እንላለን። ጥማድ ማለት አንድ ገበሬ ሁለት በሬ ጠምዶ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው። በሌላ በኩል መሬትን በዘር እንለካለን። «የሦስት ቁና ዘር መሬት አለኝ» ያለ ሰው፣ ሦስት ቁና ዘር የሚበቃው ማሳ አለኝ ማለቱ ነው።

ይህ አለካክ ብልሃት አለው። ገደላማና ድንጋያማ መሬት ላይ በሬ ብዙ አያርስም። ለስላሳ ሜዳ ላይ ብዙ ያርሳል። ስለዚህ ጥማድ የመሬቱን ስፋት ብቻ ሳይሆን የገበሬውንና የበሬውን ድካም ጭምር ይናገራል። ሥራ ለመደልደልና ደቦ ለመጥራት ከጥማድ የተሻለ ልክ የለም። ዳሩ ግን አንዱ ጥማድ ከሌላው ጥማድ እኩል አይሆንም። ወንድማማቾች ርስት ሲካፈሉ፣ ጎረቤታሞች በድንበር ሲጣሉ፣ ጥማድ ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም።

በመንግሥት በኩል መሬት በጋሻ ይቆጠር ነበር። በዳግማዊ አጼ ምኒልክ ዘመን በብዙ የአገራችን ክፍል መሬት በቃላድ ተለካ። ቃላድ የመለኪያ ጠፍር ነው። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ይጠጋል፤ እርሱም ከቦታ ቦታ ይለያይ ነበር። መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ እየተባለ ለግብር ይመደብ ነበር። ገበሬው ከምርቱ አሥራት ይከፍል ነበር፤ ጭሰኛ ከሆነ ደግሞ ለባለመሬቱ እርቦ፣ ሲሶ ወይም እኩሌታ ይሰጥ ነበር። ይህ ሁሉ የሚሰፈረው በአውድማ ላይ ነበርና፣ የቁናው ትልቅነትና ትንሽነት የአንድ ቤተሰብን የዓመት ቀለብ ይነካ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ሲደነግግ፣ ሄክታር የሚለው ቃል በየገጠሩ ተሰማ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር መሰጠት ሲጀምር ደግሞ ቃሉ በየቤታችን ገባ። አንድ ሄክታር በአራቱም ጎኑ 100 ሜትር የሆነ መሬት ነው። በብዙ ቦታ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ይሆናል ተብሎ ይገመታል። እንዲያ ከሆነ አንድ ጥማድ በየጎኑ 50 ሜትር፣ በክንድ ደግሞ በየጎኑ 100 ክንድ ገደማ ነው ማለት ነው። ማሳችንን በገመድ ለክተን ይህን ልናረጋግጥ እንችላለን።

ወቄት፣ ነጥርና ፈረሱላ

አባቶቻችን ክብደት መመዘንንም ያውቁ ነበር። ወርቅና ሽቶ በወቄት ይመዘን ነበር። ወቄት ከማርትሬዛ ብር ክብደት ጋር የተካከለ ነው፤ በግራም 28 ገደማ ይሆናል። ብሩ ራሱ ድንጋይ ሆኖ ሚዛን ላይ ይቀመጥ ነበር። ከወቄት በላይ ነጥር፣ ከነጥር በላይ ፈረሱላ ነበር። ፈረሱላ ዛሬም በቡና ንግድ ይሠራበታል፤ አንዱ 17 ኪሎ ነው።

ከአፋር ምድር ተቆርጦ የሚመጣው አሞሌ ጨውም እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ከጨው ምድር በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። ጫፉ የተሰበረ አሞሌ ግን ዋጋው ይቀንሳል። ልክ የጎደለው ነገር ዋጋው መጉደሉን ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

በሩቅ አገርም እንዲሁ ነበር

እንዲህ ያለው የመለኪያ መደበላለቅ የኛ ብቻ አልነበረም። እስፔን በምትባለው የአውሮፓ አገርና የእስፔንን ቋንቋ በሚናገሩ የአሜሪካ አገሮች ያሉ ገበሬዎችም ተመሳሳይ ነገር አይተዋል።

እነርሱ ርዝመትን በ«ቫራ» ይለኩ ነበር። ቫራ ግን እንደየከተማው ይለያይ ነበር፤ በአንዱ ቦታ 77 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን በሌላው ወደ 91 ሳንቲ ሜትር ይደርስ ነበር። እህልን በ«ፋኔጋ» ይሰፍሩ ነበር። የሚገርመው፣ ፋኔጋ የእህል መስፈሪያ ሆኖ ሳለ የመሬትም ልክ ነበር፤ አንድ ፋኔጋ ዘር የሚበቃው ማሳ ፋኔጋ ይባል ነበርና። ይህ ልክ እንደኛ «የሦስት ቁና ዘር መሬት» ነው። በሰፊ ባሕር የተለያዩ፣ አንዱ ሌላውን ያላወቁ ገበሬዎች አንድ ዓይነት ዘዴ አገኙ። ችግራቸው አንድ ስለሆነ ዘዴያቸውም አንድ ሆነ።

ክብደትን ደግሞ በ«አሮባ» ይመዝኑ ነበር። ቃሉ ከዐረብኛ የተወሰደ ነው፤ ሩብ ማለት ነው። እኛም «ሩብ» የምንለው የዚያው ቃል ዘመድ ነው። አራት አሮባ አንድ ኩንታል ይባል ነበር። የእስፔን የዱሮ ኩንታል 46 ኪሎ ብቻ ነበር፤ ዛሬ የኛ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ስሙ አንድ፣ ልኩ ሌላ! እስፔን በሜትርና በኪሎ ለመሥራት ሕግ ያወጣችው በ1849 እ.ኤ.አ. ነው። ያም ሆኖ አሮባ አልጠፋም። በኮሎምቢያ ዛሬም 12 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ዱሮ የለመዱት ልክ ቶሎ አይረሳም።

ሜትርና ኪሎ ለምን መጡ?

ሜትርና ኪሎ የተወለዱት በፈረንሳይ አገር በ1790ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ አገር መለኪያው ከመንደር መንደር ስለሚለያይ ሕዝቡ እጅግ ተማሮ ነበር። ስለዚህ የማንም ጌታ ክንድ ያልሆነ፣ የማንም ነጋዴ ቁና ያልሆነ አንድ ልክ ተፈለገ። ሜትር ከምድር ስፋት ተወሰደ። ኪሎ ከአንድ ሊትር ውኃ ክብደት ተወሰደ። በ1875 እ.ኤ.አ. 17 አገሮች በፓሪስ ተሰብስበው በዚሁ ልክ ለመሥራት ውል ተፈራረሙ። ኢትዮጵያም በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በአዋጅ ይህን ልክ ሕጋዊ መለኪያ አደረገች።

የኪሎ ጥቅሙ በመካነ ሰላም ያለው ኪሎ፣ በደሴ ያለው ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ያለውም ኪሎ አንድ መሆኑ ነው። አቆጣጠሩም በአሥር በአሥር ስለሚሄድ ለስሌት ይቀላል። 1 ኩንታል 100 ኪሎ ነው፤ 1 ኪሎ 1000 ግራም ነው፤ 1 ሜትር 100 ሳንቲ ሜትር ነው።

ኪሳራው የት ነው?

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። በሦስት ምሳሌ እንመልከት።

አንድ ገበሬ 20 ቁና ጤፍ ይሸጣል እንበል። በቤቱ ቁና ሲሰፍረው አንዱ 5 ኪሎ ይይዛል። ስለዚህ 100 ኪሎ ሸጥሁ ብሎ ያስባል። ነጋዴው ግን በራሱ ቁና ከምሮ ሲሰፍር አንዱ 6 ኪሎ ይይዛል። 20 ጊዜ 6፣ 120 ኪሎ ነው። ገበሬው 20 ኪሎ ጤፍ በነጻ ሰጠ። ማንም አልሰረቀውም፤ ሁሉም ነገር ዓይኑ እያየ ተሰፈረ።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። ክረምት ገብቶ ጎተራው ሲራቆት አንድ አባወራ 4 ቁና እህል ይበደራል። አበዳሪው በትንሹ ቁና፣ አፉን ጠርጎ ይሰፍርለታል። እያንዳንዱ 5 ኪሎ፣ ጠቅላላው 20 ኪሎ ነው። በታኅሣሥ አውድማ ላይ «4 ቁናዬን መልስ፤ ወለድ አልጠይቅህም» ይባላል። አሁን ግን የሚሰፈረው በትልቁ ቁና፣ ተከምሮ ነው። እያንዳንዱ 6 ኪሎ፣ ጠቅላላው 24 ኪሎ ሆነ። ወለድ የለውም የተባለው ብድር በየ5 ኪሎው አንድ ኪሎ ወለድ አስከፈለ። ወለዱ የተደበቀው በቁናው ውስጥ ነው። «አራት ወሰድሁ፣ አራት መለስሁ» የሚል ሰው ይህን አያይም። ኪሎ የሚያውቅ ሰው ግን ያየዋል።

ሦስተኛው ምሳሌ ማዳበሪያና መድኃኒት ነው። የግብርና ሠራተኛው «ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ማዳበሪያ» ቢለን፣ ለአንድ ጥማድ የሚበቃው ሩቡ፣ ማለትም 25 ኪሎ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው 50 ኪሎውን ጆንያ በአንድ ጥማድ ላይ ቢበትነው፣ የገንዘቡን ግማሽ በከንቱ ያፈሳል። የተባይ መድኃኒትም በሲኒ በግምት አይለካም። ከሁሉ የሚያስፈራው የሕፃን መድኃኒት ነው። «አንድ ማንኪያ» ሲባል የሐኪሙ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ነው፤ የወጥ ቤት ማንኪያ ግን ከዚያ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊይዝ ይችላል። ከመድኃኒቱ ጋር በሚሰጠው መለኪያ ብቻ መስጠት ይገባል። እህል ሲጎድል ይተካል፤ ልጅ ግን አይተካም።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የቤታችንን ቁና ልክ እንወቅ። ቁናውን ይዘን ትክክለኛ ሚዛን ወዳለበት፣ ለምሳሌ ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበር እንሂድ። ጤፉን፣ ስንዴውን፣ ገብሱን፣ ባቄላውን በየተራ አፉን ጠርገን ሰፍረን እናስመዝን። የቁናውን ክብደት እንቀንስ። የቀረውን በደብተራችን ላይ እንጻፍ። «የኔ ቁና፦ ጤፍ ይህን ያህል ኪሎ፤ ገብስ ይህን ያህል ኪሎ» ብለን እንመዝግብ። ይህ የአንድ ጧት ሥራ ነው፤ ጥቅሙ ግን የዕድሜ ልክ ነው።

ሁለተኛ፣ ስንበደርም ስናበድርም በኪሎ ይሁን። በኪሎ ካልሆነ በአንድ ቁና፣ በአንድ ዓይነት አሰፋፈር ይሁን። ውሉም ይጻፍ። ቁጥሩ በአኃዝም በፊደልም ይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ ሚዛንም ሰው የሠራው ነገር ነውና እንፈትሸው። ምንም ሳይጫንበት መርፌው ዜሮ ላይ መቆሙን እንይ። የነጋዴው እጅ ሚዛኑን አለመንካቱን እንይ። ብልሃቱ ይኸውና፦ 20 ሊትር የሚይዝ ባዶ ጀሪካን ሚዛኑ ላይ እናስቀምጥና ክብደቱን እንያዝ። ከዚያ በትክክል 20 ሊትር ውኃ እንሙላበት። ሚዛኑ ከበፊቱ 20 ኪሎ መጨመር አለበት። ካነሰ ወይም ከበለጠ ሚዛኑ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከት መብታችን ነው። ውኃ አይዋሽም፤ ለማንም አያዳላም።

አራተኛ፣ የጆንያው ክብደት ከእህሉ መቀነሱን፣ የቀረውም ኪሎ በዋጋው መባዛቱን ራሳችን በእርሳስ እናስላ። «ስንት ደረሰልኝ?» ብሎ ሌላውን ብቻ መጠየቅ ይቅር።

ይህን ስንል ቁናችንን እንጣል፣ ክንዳችንን እንርሳ ማለታችን አይደለም። ለጎረቤት ሽሮ ስናበድር ጣሳው ይበቃል። ቀንበር ስንጠርብ ክንድና ስንዝር ይበቃል። ደቦ ስንጠራ ጥማድ ይበቃል። በመተማመን መካከል ያለ ልክ የራሱ ክብር አለው። ከማናውቀው ሰው ጋር፣ በገንዘብ፣ በመሬትና በሕይወት ጉዳይ ግን ኪሎና ሜትር ይዳኙን።

እኛም ብንሆን ሁልጊዜ የምንሸጥ ብቻ አይደለንም፤ እንሰፍራለንም። ክረምት ላይ ለተቸገረው ጎረቤታችን የምንሰፍርበት ቁና፣ መኸር ላይ ከምንቀበልበት ቁና ጋር አንድ ይሁን። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርምና።

ጥያቄዎች

1. አንድ ክንድ ስንት ስንዝር ነው? ስንት ጋት ነው?
2. አንድ ቁና ገብስና አንድ ቁና ስንዴ በክብደት እኩል የማይሆኑት ለምንድን ነው?
3. 5 ጥማድ መሬት ያለው ገበሬ፣ 4 ጥማድ አንድ ሄክታር ከሆነ፣ ስንት ሄክታር አለው?
4. አንዲት ሴት 5 ኪሎ በሚይዝ ቁና 6 ቁና እህል ተበደረች። 6 ኪሎ በሚይዝ ቁና 6 ቁና መለሰች። ስንት ኪሎ ትርፍ ከፈለች?
5. በቤታችሁ ያለው ቁና ስንት ኪሎ ጤፍ ይይዛል? አስመዝናችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።